ሳሲማ የፈተነችው ወዳጅነት

በአራተኛው መቶ ዘመን ለትምህርት ወደ አቴና የሚሄድ ወጣት ገና ከመርከብ ሳይወርድ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ። ነባሮቹ ተማሪዎች ወደቡንና ወደ ከተማዋ የሚያስገቡትን መንገዶች ተከፋፍለው ይይዛሉ። አዲስ ፊት ሲያዩ ይረባረቡበታል፤ እያንዳንዱ ጭፍራ ልጁን ለገዛ መምህሩ ማስመዝገብ ይፈልጋልና። የቀደመው ቡድን ወስዶ ያሳድረዋል። ከዚያ ፌዙ ይጀምራል። ያሻው ሁሉ በጥያቄ ያፋጥጠዋል፣ ይከራከረዋል፣ ያላግጥበታል። ሲበቃቸው ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው በገበያው መካከል ወደ መታጠቢያ ቤት ይነዱታል። እዚያ ሲደርሱ ድንገት መጮህና መዝለል፣ በሩንም መደብደብ ይጀምራሉ። ልጁ ልቡ እስኪጠፋ ከደነገጠ በኋላ በሩ ይከፈታል፤ ታጥቦ ሲወጣ ያ ሁሉ ይረሳና እንደ እኩያቸው ያዩታል።

በ350ዎቹ አንድ የቀጰዶቅያ ወጣት ከዚህ ጣጣ ተረፈ (ይህን ጨምሮ ጥንታዊዎቹን ዓመታት የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስሙ ባስልዮስ ይባላል። ያስተረፈው ቀደም ብሎ አቴና የገባ የአገሩ ልጅ ጎርጎርዮስ ነበር። ጎርጎርዮስ ነባሮቹን እየዞረ ለመናቸው፤ የሚመጣው ሰው ጭምትና ቁም ነገረኛ ስለሆነ ክብሩን እንዲጠብቁለት ነገራቸው። ዝናው ቀድሞት የደረሰ ሰው ነበርና እሺ አሉ። ጎርጎርዮስ ከብዙ ዓመት በኋላ የወዳጅነታቸውን መነሻ ሲተርክ ከዚህች ውለታ ይጀምራል።

ቤተ ክርስቲያን ዛሬ አንዱን ታላቁ ባስልዮስ፣ ሌላውን ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ትላቸዋለች። በአገራችን በባስልዮስ ስም የሚጠራው ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው፤ የጎርጎርዮስም ቃል በሃይማኖተ አበው ይነበባል። የባስልዮስ ታናሽ ወንድም፣ የኑሲሱ ጳጳስም ጎርጎርዮስ ስለሚባል ሰው ያምታታቸዋል፤ እዚህ የማወራው ስለ እንዚናዙው ነው። ሁለቱን በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርታቸው የሚያውቃቸው ብዙ ነው። ለዓመታት አንድ ቤት የኖሩ ጓደኛሞች እንደነበሩ የሚያውቅ ያንሳል። ክፉኛ ተቀያይመው እንደነበር የሚያወራማ ከናካቴው ጥቂት ነው።

እኔ ደግሞ ቅያሜያቸው ሊነገር ይገባል ባይ ነኝ። ስለ መንፈሳዊ ወዳጅነት የሚሰበከው አብዛኛው ነገር ጣፋጭ ብቻ ነው። ዳዊትና ዮናታን ይጠቀሳሉ፤ ዮናታን ካባውን፣ ሰይፉንና ቀስቱን አውልቆ ለወዳጁ መስጠቱ ይወሳል። ዮናታን ግን ዳዊት ሳይነግሥ በጊልቦዓ ተራራ ሞተ። ስለዚህ ያ ፍቅር አንዱ አዛዥ፣ ሌላው ታዛዥ የሆነበትን ቀን ሳያይ ቀረ። የባስልዮስና የጎርጎርዮስ ግን አየው።

ወገን የለየበት ክርክር

አቴና ውስጥ እውነተኛ ጓደኛሞች ያደረጋቸው አንድ ጠብ ነው። ባስልዮስ እንደደረሰ በአባቱ ትምህርት ቤት የሚያውቁት አርመኖች ሊጠይቁት መጡ። አመጣጣቸው የወዳጅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቅናት ነበር። ትናንት የመጣ ልጅ ከእነርሱ በላይ መከበሩ አንገብግቧቸዋል። ሊያዋርዱት በወጥመድ ጥያቄ ክርክር ገጠሙት። ባስልዮስ ይረታቸው ጀመር።

ጎርጎርዮስ ምን እንዳደረገ ሳይደብቅ ይነግረናል። በመጀመሪያ የደገፈው አርመኖቹን ነበር! የአቴና ነባር ተማሪዎች በአዲስ መጤ ሲረቱ ማየት ስላሳፈረው፣ እየወደቁ ያሉትን ደግፎ ሙግቱን አስተካከለላቸው። በኋላ ግን ክርክሩ ስለ እውነት ሳይሆን ሰውን ለማዋረድ እንደሆነ ገባው። ያን ጊዜ ወደ ባስልዮስ ዞረ፤ አርመኖቹም ተሸንፈው ሄዱ፤ ጎርጎርዮስንም ከዳተኛ አሉት። ባስልዮስ አሸንፎም አልተደሰተም። ስለ አቴና ብዙ አልሞ ስለመጣ፣ ያየው ነገር ሁሉ ባዶ ሆኖበት ተከዘ። ጎርጎርዮስ አጠገቡ ተቀምጦ አጽናናው፤ የሰው ጠባይ በአንድ ቀን እንደማይታወቅ፣ ከተማዋንም በአንድ ክርክር መመዘን እንደማይገባ ነገረው።

በዚህ ታሪክ ደስ የሚለኝ ጎርጎርዮስ ጥፋቱን ራሱ መናገሩ ነው፤ ያውም ባስልዮስን ለማወደስ በቆመበት ንግግር ላይ። ይህን ጠባዩን ልብ በሉልኝ፤ ወደፊት ይመጣል።

ጎርጎርዮስ ወደ አቴና የመጣው ከሞት ተርፎ ነበር። ከእስክንድርያ የተሳፈረባት መርከብ በቆጵሮስ አካባቢ ማዕበል መታት፤ የሚጠጣው ውኃ ባሕር ገባ። ፊንቄያውያን ነጋዴዎች ደርሰው ባይረዷቸው ያልቁ ነበር። ጎርጎርዮስን ከሁሉ በላይ ያስፈራው ገና አለመጠመቁ ነው። የአንድ ጳጳስ ልጅ ቢሆንም በዚያ ዘመን ብዙዎች ጥምቀትን ወደ ኋላ ያቆዩት ነበር። መርከቧ ወለል ላይ ተዘርግቶ እያለቀሰ፣ ከተረፍኩ ሕይወቴን ለአንተ እሰጣለሁ ብሎ ለእግዚአብሔር ተሳለ። አቴና የደረሰው ይህን ስእለት ተሸክሞ ነው። ባስልዮስም፣ ሰማዕትነትንና ስደትን ከሚያስታውስ ቤተሰብ የወጣ፣ ሕይወቱን ለመንፈሳዊ ተጋድሎ መስጠት የሚፈልግ ሰው ነበር። ያሰቡትን ተነጋገሩ፤ ሐሳባቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ፣ ከአንድ ማዕድ በሉ። የሚያውቁት መንገድ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ መምህራኑ ቤት። ወደ ቲያትሩና ወደ ግብዣው የሚወስደውን ለሌሎቹ ተዉላቸው።

በዚያው ሰሞን፣ በ355፣ አንድ የንጉሥ ዘመድ አቴና ገብቶ ይማር ነበር። ዩልያኖስ ይባላል፤ በኋላ ነግሦ ክርስትናን የካደው እርሱ ነው። ጎርጎርዮስ የዚያን ወጣት የማያርፍ አንገት፣ የሚቅበዘበዝ ዓይንና የሚነቃነቅ ትከሻ አይቶ እንዳልወደደው ጽፏል። ሦስቱ የተማሩት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓይነት መጻሕፍት ነው። የትምህርት ቤት ጓደኝነትን በዚህ ብቻ የሚመዝን ካለ ዩልያኖስም ጓደኛቸው ሊሆን ይችል ነበር። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው ግን በጋራ የወደዱት ሦስተኛ አካል፣ እግዚአብሔር ነበር። መንፈሳዊ ወዳጅነትን ከሌላው የሚለየው በእኔ እምነት ይኸው ነው፤ ወዳጆቹ የሚተያዩበት ጊዜ አለ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ጎን ለጎን ቆመው አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ስለዚህም እያንዳንዱ ከጓደኛው ፊት ላይ ይልቅ የጓደኛውን መንገድ ይጠብቃል፤ ሲስትም ይናገረዋል።

የአናሲ ጠንካራ ዳቦ

ባስልዮስ ከአቴና ቀድሞ ወጣ። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ተስማምተው ነበር፤ በመለያያው ቀን ግን ተማሪና መምህሩ ተሰብስቦ አትሂዱ ብሎ ለመናቸው። ባስልዮስ ምክንያቱን አስረድቶ ሄደ፤ ጎርጎርዮስ ተረትቶ ቀረ። ያንን መለያየት አንድን አካል ለሁለት እንደመሰንጠቅ አድርጎ ይናገረዋል። ብዙም ሳይቆይ እርሱም ሹልክ ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ባስልዮስ በጳንጦስ፣ አይሪስ በተባለው ወንዝ አጠገብ፣ አናሲ በምትባል የቤተሰቡ ርስት አካባቢ ገዳማዊ ኑሮ ጀመረ። ለጎርጎርዮስ በጻፈለት ደብዳቤ ቦታውን እንደ ገነት ይገልጸዋል፤ ተራራው፣ ደኑ፣ ቀዝቃዛው ውኃ፣ ዓሣው፣ አበባው አይቀረውም። ጎርጎርዮስ ሄዶ አብሮት ከረመ። ከተመለሰ በኋላ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ሌላ ሥዕል ይሰጡናል፤ እስከ ዛሬም ያስቃሉ። ያ ገነት የተባለው ቦታ የአይጥ ጉድጓድ ነው ይለዋል። ፀሐይ እዚያ የምትታየው በጭስ ማውጫ በኩል ያህል ነው። ቤቱ በርና ጣሪያ የለው፣ ምድጃው እሳት አያውቅ። ዳቦው ከመጠንከሩ የተነሳ ጥርስ ያንሸራትታል፤ መረቁም የስሙን ያህል እንኳ አልነበረም። የባስልዮስ እናት ኤሜልያ ደርሳ ባታበላቸው ኖሮ በረኃብ አልቀው ነበር። የአትክልት ቦታ ተብዬው ቅጠል አይበቅልበትም፤ ፍግ ሲያግዙ፣ ጋሪውንም በገዛ አንገታቸው ሲጎትቱ ውለዋል።

ከዚህ ቀልድ በኋላ የመጣው ደብዳቤ ግን ድምፁ ይለወጣል። ጎርጎርዮስ ትናንት የቀለድኩት ቀልድ ነው፣ አሁን እውነቱን ልንገርህ ይላል። አብረው ያደሩበትን የመዝሙርና የሌሊት ጸሎት ይናፍቃል፤ መጽሐፍ ቅዱስን አብረው ያጠኑበትን፣ እንጨት የለቀሙበትን፣ ድንጋይ የጠረቡበትን ጊዜ ያስታውሳል። እርሱ የተከላትንና ባስልዮስ ያጠጣትን ዛፍ እንኳ ያነሳል።

ስለ መንፈሳዊ ጓደኝነት የምናስበው ብዙ ጊዜ በለሰለሰ ድምፅ፣ በረጅም ዝምታና በእንባ ነው። እነዚህ ሁለት ቅዱሳን ግን ይሳሳቁ ነበር። መነኩሴ ነህ፣ ጻድቅ ነህ ብሎ ከሚያሞግስህ ሰው ይልቅ ዳቦህ ጥርስ ይሰብራል የሚልህ ይበልጥ ይወድህ ይሆናል። በዚያው የአብሮነት ጊዜም ከጥንቱ መምህር ከአርጌንስ ጽሑፎች መርጠው ፊሎካሊያ የተባለውን ስብስብ አዘጋጅተዋል ተብሎ ይተረካል።

ውድቀቱ እንዴት እንደጀመረ

ወዳጅነታቸው መሻከር የጀመረው ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ሹመት ሲመጣባቸው ነው። ጎርጎርዮስን አባቱ፣ ጳጳሱ ሽማግሌ ጎርጎርዮስ፣ ያለ ፈቃዱ ካህን አደረጉት። ተቆጥቶ ወደ ባስልዮስ ሸሸ፤ በ362 ለፋሲካ ተመለሰ። ያን ጊዜ ባስልዮስ መጠጊያው ነበር።

በ370 የቂሣርያ ጳጳስ ሲያርፉ ደግሞ ባስልዮስ ለጎርጎርዮስ መልእክት ላከ፤ ታምሜ ልሞት ነው፣ ቶሎ ድረስልኝ የሚል። ጎርጎርዮስ እያለቀሰ ተነሳ። መንገድ ላይ ሌሎች ጳጳሳትም ወደ ቂሣርያ እየጎረፉ መሆኑን አየና ነገሩ ገባው፤ የተጠራው ለሕመምተኛ ሳይሆን ለምርጫ ነው። ፊቱን አዙሮ ተመለሰ፤ ምን ማለትህ ነው ብሎም ጻፈለት። እንዲህም ሆኖ ለምርጫው ከመርዳት አልቦዘነም። አባቱ ያረጁና የታመሙ ሰው ሆነው ሳለ በቃሬዛ ተጭነው ቂሣርያ ድረስ ሄደው ለባስልዮስ ድምፃቸውን ሰጡ፤ ባስልዮስም ጳጳስ ሆነ።

አንድ ሌላ ደብዳቤም አለ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው። ጎርጎርዮስ በአንድ ግብዣ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሰው ሁሉ ሁለቱን ወዳጆች ያወድስ ነበር። መካከል አንድ መነኩሴ ተነስቶ፣ ባስልዮስ ስለ አብና ስለ ወልድ በግልጽ ሲሰብክ ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት ግን እየሸፋፈነ ያልፋል ብሎ ወቀሰ። ጎርጎርዮስ በጉባኤው ፊት ጓደኛውን ተከላከለ፤ ባስልዮስ የብዙዎች ዓይን ያረፈበት ሰው ስለሆነ መናፍቃኑ ከመንበሩ እንዳያነሱት በጥበብ ይናገራል አለ። ሰሚዎቹ አልተዋጠላቸውም። ከዚያ ወደ ቤቱ ገብቶ ለባስልዮስ ሁሉንም ጻፈለት፤ የተባለውን፣ የመለሰውን፣ መልሱም ሰውን እንዳላረካ። እስከ ምን ድረስ በግልጽ መናገር እንዳለብን ንገረኝ ብሎም ጠየቀው።

በሰው ፊት ጋሻ ሆነለት፤ ለብቻው እውነቱን ነገረው። የብዙዎቻችን ጓደኝነት ግልባጩ ነው፤ ፊት ለፊት እናሞግሳለን፣ በሌለበት እንቦጭቃለን። ባስልዮስ ግን ደብዳቤው አሳመመው፤ ወንድሞች እዚያ ተሰብስበው እኔን ከሚያሙኝ መጥተው ቢያዩኝ ይሻል ነበር የሚል ዓይነት የቁጣ መልስ ሰጠ።

የሦስት መንገድ መገናኛ

ዋናው ስብራት በ372 መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋሌንስ፣ የአርዮስ ወገን ደጋፊ፣ ቀጰዶቅያን ለሁለት ግዛት ከፈለ። የአዲሱ ግዛት ዋና ከተማ ጢያና ሆነች፤ ጳጳሷ አንቲሞስም ግዛቱ ከተከፈለ ሀገረ ስብከቱም ተከፍሏል አለ። ባስልዮስ አልተቀበለም። ነገሩ እስከ መደባደብ ደረሰ፤ ከታውሮስ ተራራ ለባስልዮስ ግብር ጭነው የሚመጡ በቅሎዎችን የአንቲሞስ ሰዎች መንገድ ላይ ዘረፏቸው። ባስልዮስ ድንበሩን በታማኝ ሰዎች ለማጠር አዳዲስ ጳጳሳትን ሾመ። ወንድሙን ኑሲስ ላይ አስቀመጠ። ጓደኛውን ጎርጎርዮስን ደግሞ ሳሲማ ላይ።

ሳሲማ ከተማ ለማለት የሚያስቸግር ቦታ ነበር። ሦስት መንገድ የሚገናኝበት የፈረስ መለወጫ ጣቢያ፤ ውኃ የለው፣ ሣር የለው። አቧራ፣ የጋሪ ድምፅ፣ የቀራጮች ጩኸት፣ የእስረኛ ሰንሰለት። ነዋሪው ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ጎርጎርዮስ በግጥም በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይህን ሁሉ ዘርዝሮ፣ በሥሩ 50 የገጠር ጳጳሳት ያሉት ሰው ለእኔ የሰጠኝ ይህንን ነው ብሎ ያማርራል። የአቴናውን አንድ ጣሪያና አንድ ማዕድ፣ የተጨባበጡበትን እጅና የተማማሉበትን ቃል ያነሳና ሁሉም ተበትኖ መሬት ላይ ወደቀ፣ ነፋስም ወሰደው ይላል።

ሽማግሌው አባቱም ከባስልዮስ ጋር ወግነው ስለተጫኑት ሹመቱን ተቀበለ፤ ሳሲማ ግን አልተቀመጠባትም። ባስልዮስ ሰነፍ ብሎ ሲወቅሰው፣ ስለ ግልገል አሳማና ስለ ዶሮ ብዬ ጦር አልመዝም ብሎ መለሰለት። የእኔ ትልቁ ሥራ ሥራ አለመያዝ ነው ሲልም ጻፈ። ከዚያ ወደ በረሃ ሸሸ።

ማን ጥፋተኛ ነው? ሁለቱንም ማንበብ የቻለ ሰው ለአንዱ ብቻ መፍረድ ይከብደዋል፤ እኔ ግን ሚዛኔ ወደ ጎርጎርዮስ ያጋድላል። ባስልዮስ ያኔ የሚከላከለው ትልቅ ጉዳይ ነበረው፤ የአርዮስን ወገን ከሚደግፍ መንግሥት ጋር ተፋጥጦ፣ ድሆችንና ሕሙማንን በሚያስጠልለው ተቋሙ ላይ ደፋ ቀና እያለ፣ በሚታመም ሰውነቱ ብዙ ተሸክሟል። ይሁንና ጓደኛውን ሳይጠይቅ እንደ ድንበር ድንጋይ ተከለው። ለእግዚአብሔር ሥራ ነው የሚለው ምክንያት ሰውን መሣሪያ ለማድረግ ከሁሉም ምክንያት ይልቅ የሚመች ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ጎርጎርዮስም ቢሆን ራሱን ማባባል የሚወድ ሰው ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ይመሰክራሉ።

አንድ ነገር ግን አላደረገም። አንቲሞስ ጳጳሳቱን አስከትሎ እንዚናዙ ድረስ መጥቶ ሊያባብለው ሞክሮ ነበር። ለቂመኛ ሰው ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ጎርጎርዮስ እምቢ አለ። አንቲሞስ ተናዶ፣ አንተ ባስልዮሳዊ ነህ ብሎ ሰድቦት ሄደ። ጎርጎርዮስ ይህን ለባስልዮስ ሲጽፍለት እንዴት ያለ ፈገግታ እንደነበረው መገመት አያቅትም፤ አንተ ትወቅሰኛለህ፣ ጠላቶችህ ደግሞ በአንተ ስም ይሰድቡኛል።

ያልነበራቸው ሙሴ

ይህን ታሪክ ሳነብ የሚቆጨኝ በመካከላቸው ገብቶ የሚያስታርቅ አለመገኘቱ ነው። የጎርጎርዮስ አባት ወገን ለይተዋል፤ ባስልዮስ አለቃ ሆኗል፤ ሌላው በሩቅ ያያል። በዚህ ነገር የእኛ አባቶች የተሻለ ብልሃት ነበራቸው እላለሁ፤ የጽዋ ማኅበርን ማለቴ ነው።

ውጫዊ መልኩን ሁሉም ያውቀዋል። በወሩ 12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ23 ለጊዮርጊስ፣ ማኅበርተኞች በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ መጨረሻ ላይ ጽዋው በዝማሬ ታጅቦ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ከዚህ በስተጀርባ ያለው ሥርዓት ግን ከድግሱ የጠለቀ ነው። ማኅበሩ ሙሴ ብሎ የሚጠራው አለቃ አለው። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል፤ ያለ በቂ ምክንያት ከሆነ ጧፍ ወይም ዕጣን ይቀጣል። የታመመ ይጠየቃል፤ የሞተ እንደ ወንድም ይለቀስለታል፤ በብዙ ቦታ የአባት ወንበር ለልጅ ይተላለፋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ሥርዓቱ በሚጠበቅባቸው ማኅበራት ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ከጽዋው ከመቅመሳቸው በፊት ነገራቸው ይነሳል። ሙሴው ይጠይቃል፤ የበደለ ይክሳል፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባባላሉ። ኩርፊያ ከአንድ ወር በላይ እንዳይከርም የተበጀ መላ ነው።

ከነፍስ አባት ጋር ያለን ግንኙነትም ቢሆን ይህን አይተካም። የነፍስ አባት አባት ነው፤ ከላይ ሆኖ ይመክራል፣ ንስሐ ይሰጣል። ማኅበርተኛ ግን እኩያ ነው፤ እርሱም ነገ ተራው ደርሶ ይጠየቃል። ባስልዮስና ጎርጎርዮስ የተጎዱት እኩያነታቸው የጠፋ ዕለት ነው።

በሌላ የክርስትና ወገን ያለ አንድ የቅርብ ታሪክም የእኩያ ወዳጅነትን ዋጋ ያሳያል። በ1974 ዓ.ም ደርግ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ ንብረቷን ሲወስድና መሪዎቿን ሲያስር፣ ምእመናኑ በየቤቱ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ተከፋፍለው መሰብሰብ ጀመሩ። መዝሙር በሹክሹክታ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በመቀነት ሥር። እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ስም፣ ቤትና ምሥጢር ይዟል። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ጓደኝነት ከስብከት በኋላ የሚመጣ ማጣፈጫ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያን አጥሯ እርሱ ነበር። በ1983 በሩ ሲከፈት ምእመናኑ በብዙ እጥፍ በዝተው ወጡ።

የዛሬው ፈተና ሌላ ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤ ጉባኤው በሺዎች ይቆጠራል፤ ስብከቱ በስልክ ይደርሰናል። ማኅበሩም በብዙ ቤት ወደ ድግስ ፉክክር አዘንብሏል፤ ተረኛው ስንት ዓይነት ወጥ እንዳቀረበ ይወራል፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ግን አይነሳም፤ ማዕዱን ላለማበላሸት። ይህን ያህል ሕዝብ መካከል ሆኖ ስለ ነፍሱ የሚጠይቀው አንድ እኩያ የሌለው ሰው ብዙ ነው። በቤይሩትና በዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በዕረፍት ቀናቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ሲጸልዩና ሲመካከሩ ያየ ሰው፣ ነገሩ የሰፊ አዳራሽ ጉዳይ አለመሆኑ ይገባዋል።

በሙሾ መካከል የተነገረ ወቀሳ

ባስልዮስ በ379 መባቻ ሃምሳ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው አረፈ። ጎርጎርዮስ ታሞ ስለነበር ቀብሩ ላይ አልተገኘም። በዚያው ዓመት ወደ ቁስጥንጥንያ ተጠራ፤ ኦርቶዶክሳውያኑ ካቴድራሎቹን በሙሉ በአርዮሳውያን ተነጥቀው ስለነበር አናስታስያ ብሎ በሰየማት ትንሽ የጸሎት ቤት ሰበከ። ነባቤ መለኮት ያሰኙትን አምስቱን ስብከቶች የሰጠው ያኔ ነው። እዚያ መንፈስ ቅዱስ አምላክ ነው ብሎ ያለ መሸፋፈን ተናገረ፤ መነኩሴው በግብዣው ላይ ከባስልዮስ አፍ ሊሰማ የፈለገውን ማለት ነው። በ381 የቁስጥንጥንያን ጉባኤ መራ። እዚያም ሳሲማ ተከትላ መጣችበት። ተቃዋሚዎቹ፣ የኒቅያ ቀኖና ጳጳስ ከአንድ መንበር ወደ ሌላ እንዳይዛወር ይከለክላል፤ አንተ የሳሲማ ጳጳስ ነህ አሉት። አንድ ቀን ባልተቀመጠባት ከተማ ምክንያት መንበሩን ለቆ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ወደ ቂሣርያ መጥቶ ስለ ባስልዮስ የተናገረው ከዚህ በኋላ፣ ከዕረፍቱ ሦስት ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። በጣም ረጅም ንግግር ነው። አቴና አለበት፤ አርመኖቹ አሉበት፤ ረኃብ በገባ ጊዜ ባስልዮስ ጎተራ ያስከፈተበት፣ የንጉሡን ሹም ያሳፈረበት፣ ለድሆች ከከተማው ውጭ አዲስ ከተማ የሠራበት ሁሉ አለበት። ሳሲማም አለች። ጎርጎርዮስ በሕዝቡ ፊት፣ የዚህን ሰው ሥራ ሁሉ አደንቃለሁ፣ ይህን አንዱን ግን መቀበል አቅቶኛል አለ። ጊዜ እንኳ ሕመሙን አላሻረለትም። ወዲያው ቀጥሎ ደግሞ የባስልዮስን ልብ ለመረዳት ይሞክራል፤ ባስልዮስ ወዳጅነትን የናቀው የመንፈስ ቅዱስን ጉዳይ ስላስቀደመ ነው፣ ወዳጅነትን ማክበርን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበርና ይላል።

በለቅሶ ላይ ሟችን መውቀስ በማንም አገር ነውር ነው። በእኛ ዘንድ ሙት ወቃሽ አትሁን ይባላል። ጎርጎርዮስ ይህን የደፈረው ግን ባስልዮስን ሐውልት ማድረግ ስላልፈለገ ይመስለኛል፤ የወደደው ሰውየውን ነው፣ ከነሳሲማው። በንግግሩ መጨረሻ አካባቢም ባስልዮስ እስከ ዛሬ በሌሊት ሕልም እየመጣ እንደሚመክረው፣ ግዴታውን ሲያጓድል እንደሚገሥጸው ይናገራል። የበደለው ጓደኛው ሞቶም እንዲገሥጸው ፈቅዶለታል።

ጎርጎርዮስ በ390 ገደማ በትውልድ ቦታው በአሪያንዙስ አረፈ። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአውሮፓውያን ጃንዋሪ 2፣ ታከብራቸዋለች። የግሪክ ኦርቶዶክሶች ደግሞ ዮሐንስ አፈወርቅን ጨምረው ሦስቱን በጃንዋሪ 30 አንድ ላይ ያስባሉ።